ጋዝ የሞላሁባቸው አምስት ቤቶች

ሥራ በጀመርኩ ዕለት ጋሽ ዱካሞ ከአንድ ያረጀ ኤሲ ውስጥ ትንሽ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይሄ ምንድነው?» አሉኝ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ እንደሆነ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት አውቅ ስለነበር ቶሎ ብዬ መለስኩ። ላነሳው እጄን ስሰድ አንጓዬን ያዙኝ። እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ካቻቢቴ አንስተው የዕቃውን ሁለት ጫፎች አገናኙ። ጧ! ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ። ኤሲው ከመብራት ከተነቀለ ቆይቶ ነበር።

«ነቅያለሁና ሞቷል አትበይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ፍሪ፣ ከዚያ ንኪ።»

ዛሬ ካፓሲተር በዚያ መንገድ አይፈተንም፤ የማሠለጥናቸው ልጆች በካቻቢቴ ሲያገናኙ ካየሁ እቆጣለሁ። የዚያን ዕለት ግን እጄን ሰብስቤ ኋላዬ ደበቅኩት።

አስቴር እባላለሁ። ሐዋሳ ተወልጄ፣ ሐዋሳ ተምሬ፣ እዚሁ ኤሲ ስጠግን ነው ዕድሜዬ የሄደው። ፈሪ ነኝ። መሰላል እፈራለሁ፣ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ፣ የሚጮህ ደንበኛ እፈራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የማወራው ነገር የደረሰው አንድ ጊዜ መፍራት ሲገባኝ ባለመፍራቴ ስለሆነ ነው።

ወርክሾፑ ፒያሳ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ነበር፤ ሁለት ክፍልና በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ። ባለቤቱ አቶ ግርማ ናቸው። ጋሽ ዱካሞ ዋና ቴክኒሻን፣ እኔ ረዳት ነበርኩ። ያኔ ኤሲ የሚታየው በሆቴሎችና በባንኮች ነበር። ኋላ ላይ ሰው በየመኖሪያ ቤቱ ማስገጠም ሲጀምር ሥራው በአንዴ በዛብን። እኔም ረዳትነቱ ቀርቶ ብቻዬን መሰላል ተሸክሜ መውጣት ጀመርኩ።

ጋሽ ዱካሞ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛን ጎልምሰው ነው የለመዱት። ቃል አያበዙም። የማሽን ሙቀት ሲለኩ በእጃቸው ጀርባ ነው። «መዳፍ ኤሌክትሪክ ሲይዘው ይጨብጣል፤ ጀርባው ግን ይሸሻል» ይሉኛል። አንድ ኤሲ ገና ቀለሙ ሳይለቅ ሞቶ ሲመጣ ደግሞ ይናደዳሉ። «ይሄ አልሞተም፤ ገደሉት» ነበር የሚሉት።

እውነታቸውን ነበር። ወደኛ ከሚመጡት ኤሲዎች አብዛኞቹ በእርጅና የተበላሹ አልነበሩም። ፊልተሩን ከተገዛ ጀምሮ ያላጠበ አለ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ወዲያው የሚያበራ አለ። ሲገጠም ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተስቦ ሳይወጣ የተዘጋም አለ። ከሁሉም የበዛው ግን «ጋዝ ጨርሷል» የሚባለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በኤሲ ውስጥ ያለው ጋዝ እንደ ቤንዚን አይነድም፣ አያልቅምም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ከክፍሉ ወስዶ ውጪ ይጥላል፤ ይመለሳል። ፋብሪካ ውስጥ የተሞላው ጋዝ ማሽኑ እስኪያረጅ መቆየት አለበት። ጎደለ ማለት ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ አፈሰሰ ማለት ነው።

አቶ ግርማ ይህን አጥተውት አይደለም። ቀዳዳ መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጋዝ መሙላት ግን ሩብ ሰዓት ነው። «አስቴር፣ ሙዪና ነዪ» ይሉኛል። ጋሽ ዱካሞ ባሉበት አይሉትም፤ እሳቸው በሌሉበት ይሉታል። እኔም ሞልቼ እመጣለሁ። ደንበኛው ይቀዘቅዝለታል፣ ያመሰግናል፣ በዓመቱ መልሶ ይደውላል። ማሽኑ በጎደለ ጋዝ ሲለፋ ስለሚከርም ጋዙን የሚያዞረው ኮምፕሬሰር ይግላል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ስንት ማሽን በዚህ መንገድ እንደጨረስኩ አላውቅም።

አንድ የበጋ ወቅት ሙቀቱ በረታ። ጋሽ ዱካሞ የወንድማቸው ለቅሶ ገጥሟቸው ገጠር ወርደው ነበር። ጋዝ ከገበያ ጠፋ። አቶ ግርማ ከየት እንዳገኙት ሳይነግሩኝ አንድ ሲሊንደር በባጃጅ አስጭነው መጡ። አረንጓዴ ቀለም እንደነገሩ ተቀብቷል። ጽሑፍ የለበትም።

«የምንድነው ይሄ?» አልኳቸው።

«ያው ነው፤ የምትሞዪው ነው።»

«ጽሑፍ የለውም እኮ። ጋሽ ዱካሞ እስኪመለሱ ብንጠብቅስ?»

«ሰው በሙቀት እየተቃጠለ አንቺ ትጠብቂያለሽ? ጌጁ ልክ ካሳየሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ጌጅ የምንለው የጋዙን ግፊት የሚያነብ መሣሪያ ነው። አንድ ማሽን ላይ አስሬ ሞከርኩት፤ ልክ የሚባለው አካባቢ አሳየኝ። አየሩም ቀዘቀዘ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ግን አቶ ግርማን መጋፈጥ ከሲሊንደሩ ይበልጥ አስፈራኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ቤት ሞላሁበት። የየቤቱን ሰፈርና ስልክ እንደ ልማዴ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ጋሽ ዱካሞ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ሣራ ደወለች። ሣራ ባህል አዳራሽ አካባቢ የምትኖር የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ ከአምስቱ ቤት የመጀመሪያው የእሷ ነበር።

«አስቱ፣ አሥር ቀን እንኳን አልሠራም እኮ» አለችኝ። አፈርኩ። ጋሽ ዱካሞ አጠገቤ ሆነው ይሰሙ ነበር።

«ጋዝ እግር የለውም» አሉ። «ቀዳዳውን እንፈልጋለን። አብረን እንሂድ።»

የሣራ ኤሲ የውጪው ማሽን የተቀመጠው በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ላዩን ቆርቆሮ አልብሰውታል፤ በአንዱ በኩልም ዕቃ ተደርድሮ ተዘግቷል። ጋሽ ዱካሞ የሳሙና አረፋ እየቀቡ መገጣጠሚያዎቹን ፈተሹ። አንዱ ላይ አረፋው እየተነፋ ወጣ። ቱቦው ሲገጠም በደንብ ያልተበየደ ነበር። የቀረውን ጋዝ ለቀቁት። እስስስ እያለ ወጣና ጸጥ አለ። እስከዚያ ስንሞላው የኖርነው ጋዝ ስለማይነድ እንዲህ ማድረግ ለምደን ነበር።

ጋሽ ዱካሞ ቁጢጥ ብለው የመበየጃውን እሳት ለኮሱ።

እሳቱ የተነሳው ከቱቦው አልነበረም። ከመሬት ነው። ሁፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መተላለፊያው ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ ቢጫ። ጋሽ ዱካሞ መካከሉ ላይ ነበሩ። የኮታቸውን አንገትጌ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው። ሣራ ከልብስ ማጠቢያው ባልዲ ይዛ ደረሰች። ሁሉም አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳን አልቆየም።

መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሁለት እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ። ቅንድባቸው የለም። የእጃቸው ቆዳ እንደ እርጥብ ወረቀት ተልጦ ነበር። አልጮሁም። ቀና ብለው አዩኝ።

«አስቴር፣ ከየትኛው ሲሊንደር ነው የሞላሽው?»

«አቶ ግርማ ካመጡት… ጽሑፍ የሌለው።»

«ስንት ቤት?»

አምስት ጣቴን አሳየኋቸው።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነገሩኝ። «ከማብሰያ ጋዝ ዘር ነው። ሽታ የሚጨመርበት ለኩሽና ሲሸጥ ነው፤ ይሄ አልተጨመረበትም። ከአየር ይከብዳል። ቤት ውስጥ ካፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሰው አያየውም።» ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። «የሞላሽባቸው ሁሉ ያፈስሱ የነበሩ ናቸው፤ አይደል?»

አዎ፣ ሁሉም ያፈስሱ ነበር። የሚያፈስ ባይሆኑማ ምን ልሞላ እሄድ ነበር።

«የኔን ዕቃ ውሰጂ፤ ባለቤቴ ትሰጥሻለች። ፓምፑ አለ፣ ናይትሮጅኑ አለ፣ ከነማኅተሙ ያስቀመጥኩት ትክክለኛ ጋዝም አለ። መጀመሪያ በስልክ አስጠፊያቸው። ከዚያ አስረጂ፣ ሄደሽም ጋዙን አውጪ።»

ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። «ኤሲውን ከብሬከሩ አጥፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ክፍሉ ውስጥ ክብሪት እንዳትጭሩ፣ እየመጣሁ ነው» እላለሁ። ከሣራ ሌላ ከቀሩት አራት ቤቶች ሦስቱ አነሱ። አራተኛው ስልክ ጥሪ አይቀበልም።

አራተኛው ቤት በቡሹሎ መንገድ ነበር። የጡረተኞች ቤት ነው፤ ወይዘሮ ጥሩነሽና ባለቤታቸው መምህር አለማየሁ። መምህር አለማየሁ አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ስትሮክ መቷቸው ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። ኤሲውን ያስገቡት ሙቀቱን ስላልቻሉት ነው። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብለው መስኮቶቹን በፕላስተር አሽገዋቸው እንደነበር ትዝ አለኝ። ሳይ ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ነበር።

በባጃጅ በረርኩ። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታቸው ብቅ አለችና «ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደዋል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይመጣሉ» አለችኝ። ቁልፍ የላትም። በአጥሩ ላይ ያለውን የቆጣሪ ብሬከር አጠፋሁት፤ ብልጭታ እንዳይኖር። «ሲመጡ ምንም እሳት እንዳያነዱ፣ ወዲያው እንዲደውሉልኝ» ብዬ ለጎረቤቷ ደጋግሜ ነገርኳት። እሺ አለች። የምትችዪውን አደረግሽ ብዬ ራሴን አሳምኜ ተመለስኩ።

አቶ ግርማ ወርክሾፑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የነገርኳቸውን ሰምተው ሲያበቁ በሩን ዘጉ።

«ለማን ደወልሽ?»

«ለደንበኞቹ።»

«ማን ፈቀደልሽ? ሰው ታሸብሪያለሽ! ያለው ትንሽ ጋዝ ነው፣ አፍስሶ ያልቃል፣ ማንም አያውቅም።»

«ጋሽ ዱካሞ ተቃጥለዋል እኮ፣ አቶ ግርማ።»

«እሱ እሳት ይዞ ስለቀረበ ነው! ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ ይበይዳል?»

«ሻማ ያበራል። ሲጋራ ያጨሳል። ከሰል ይይዛል።»

«ከዚህ በር ይህን ብለሽ ከወጣሽ አትመለሺ» አሉኝ። ያንን ሥራ ማጣት ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት አልችልም። ሴት ቴክኒሻን የሚቀጥር ሌላ ቤት ከተማው ውስጥ አላውቅም ነበር። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። የራሴን ካቻቢቴና ፒንሳ እንኳን ሳልይዝ ነው የወጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት የጋሽ ዱካሞን ዕቃ ከባለቤታቸው ተቀብዬ መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ ታሪኩ ቤት ነው። ታሪኩ ልብስ ነጋዴ ነው፤ ከሱቁ በላይ ይኖራል። እንደ ነገርኩት ብሬከሩን አጥፍቷል፣ መስኮቱን ከፍቷል፣ ራሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ምንድነው የከተትሽብኝ?»

«የሚነድ ጋዝ ነው። ሳላውቅ ነው። ላወጣው መጥቻለሁ።»

«ልጆቼ እኮ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት!» ጮኸ። ደረጃው ላይ ሰው ቆመ። «ወለል ላይ ነው የሚጫወቱት! ገብቶሻል?»

ገብቶኛል። እስኪበቃው ጮኸ፤ እኔ ጌጁን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ «ካላወጣሁት ይኖራል፤ ልግባ?» አልኩት። ከበሩ ዞር አለልኝ።

ረጅም ቱቦ ከማሽኑ ጋር አሰርኩና ጫፉን ሰውም እሳትም በሌለበት ክፍት ጓሮ አወረድኩት። ጋዙን ቀስ እያልኩ ለቀቅኩ። ከዚያ ውስጡን በናይትሮጅን አጠብኩ። ናይትሮጅን አይነድም። በእሱ ፈንታ ኦክስጅን የሚያስገቡ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ቱቦው በናይትሮጅን ተሞልቶ ሳለ በሳሙና አረፋ ቀዳዳውን አገኘሁት፤ ቱቦውን የሚያስረው የአንዱ ዳዶ አንገት ተሰንጥቋል።

ለምን እንደተሰነጠቀም አየሁ። ታሪኩ የውጪውን ማሽን ከሌባ ለመጠበቅ በረንዳው ላይ በላሜራ አጥሮታል፣ ዙሪያውን ካርቶን ደርድሯል። ማሽኑ የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል። በዚያ ላይ እግሩ ላይ ጎማ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ቱቦውን ይነቀንቃል። አሳየሁት። ታሪኩ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ። መሰላሉ ላይ ስወጣም ሳልጠይቀው መጥቶ ያዘልኝ።

ሁለተኛው ቤት ሐይቁ ዳር የማርታ ነው፤ ባንክ ነው የምትሠራው። እዚያ ያስደነገጠኝ የሐይቁ ትንኝ ነው። ምሽት ላይ መብራት አይቶ የሚመጣው መንጋ የውጪው ማሽን ጀርባ ላይ ተለጥፎ፣ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ፣ እንደ ጭቃ ግድግዳ ሆኗል። አየር አያልፍም። አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ነበር ማሽኑ የሚሠራው። ከግፊቱ ብዛት አንድ መገጣጠሚያ ላብቷል፤ ዘይት ይታይበታል። ዘይት ያለበት ቦታ ጋዝ ያፈስሳል። ውሃ ቀስ አድርጌ ከውስጥ ወደ ውጪ እያፈሰስኩ አጠብኩት።

«ፊልተሩን በየወሩ አጥባለሁ እኮ» አለችኝ ማርታ።

«የውስጡን ነው። ይሄኛውን ማንም አያየውም» አልኳት። እኔም ጋዙን ስሞላ አላየሁትም ነበር።

ሦስተኛው ቤት አቶ ማቴዎስ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ነበር። የውጪውን ማሽን ክዳን ስፈታ አንዱ ሽቦ ማሰሪያው ላይ ላልቶ፣ ሽፋኑ ቀልጦ፣ ዙሪያው ጠቁሮ አየሁ። መብራቱ ሲወርድና ሲወጣ፣ ሄዶ ሲመጣ፣ እዚያ ነጥብ ላይ ብልጭ ይላል ማለት ነው። የሚያፈሰው ቫልቭ ከሽቦው አንድ ስንዝር አይርቅም። ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። አቶ ማቴዎስ «ምን ሆንሽ፣ እህቴ?» አሉኝ። አሳየኋቸው። አዩትና ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። እኔም ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሥራውን ስጨርስ የመብራት መውረድና መውጣት የሚቆጣጠር፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ እንዲያስገቡ ጻፍኩላቸው።

እነዚያ ሦስት ቤቶች ሁለት ቀን ፈጁብኝ። በየመካከሉ የመምህር አለማየሁን ቤት ስልክ እሞክራለሁ። አይሠራም።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ዕቃዬን ከአቶ ማቴዎስ ግቢ ሳወጣ ደግሜ ሞከርኩት፤ ጠራ። ወይዘሮ ጥሩነሽ አነሱት።

«አስቱዬ! አሁን መግባታችን ነው። ስልኬ ተዘግቶብኝ ከርሞ። መብራት ጠፍቷል መሰለኝ፣ ቤቱ ጨለማ ነው። ለመምህር አጥሚት ላሙቅለት ብዬ ከሰል እያያያዝኩ ነው።»

መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቷ አልነገረቻቸውም፤ በኋላ እንደሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳያገኟት ነው የገቡት። ከእሳት ልጠብቃቸው ብዬ መብራት ዘግቼ እሳት አስነደድኳቸው።

«ከሰሉ የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

«እዚህ ጓሮ በር ላይ። ሲፋፋም ወደ ኮሪደሩ አስገባዋለሁ፣ ንፋስ አለ…»

«አያስገቡት! ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ይስሙኝ፣ እዚያው ይተዉት። ውሃ ይድፉበት። ክብሪት አይጫሩ፣ ሻማ አያብሩ። መምህርን ይዘው ወደ ፊት በር ይውጡ። አሁን!»

«ምነው ልጄ፣ ምን መጣ?»

«ኤሲው ውስጥ ያለው ጋዝ የሚነድ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ይውጡ!»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ባጃጅ ውስጥ ናይትሮጅኑን አቅፌ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ፊቴን አይቶ ከነፈ። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ ከፊት ለፊቴ ካለው ሰማይ ላይ አልተነሳም፤ ጭስ ነበር የምፈልገው። ጌታ ሆይ ከማለት ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ስደርስ ሁለቱም በር ላይ ነበሩ። መምህር አለማየሁ ባለ ጎማ ወንበራቸው ላይ፣ ጋቢ ደርበው፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር። ወይዘሮ ጥሩነሽ እጃቸው ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ስልኩን ጥለው ከሰሉ ላይ ውሃ ሲደፉ ነበር። ከባጃጁ ወርጄ ናይትሮጅኑን አጥሩ ሥር አስቀመጥኩ።

መስኮቱን ከውጪ ፕላስተሩን ልጬ ከፈትኩት። በሮቹን ሁሉ አስከፍቼ ክፍሉ እስኪናፈስ ጠበቅን። ከዚያ የእጅ ባትሪ ውጪ አብርቼ ገባሁ። ማሽኑን ፈተሽኩት። ጌጁ ምንም አላሳየም፤ ባዶ ነበር። የሞላሁት በሙሉ ወጥቷል። መገጣጠሚያው የላላው የውስጡ ማሽን ጀርባ ላይ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ ነበር።

ጋዙ የወጣው መቼ ነው? ያንን ለማወቅ ዙሪያውን ስቃኝ መጋረጃው ላይ ዓይኔ አረፈ። የታችኛው ጠርዝ፣ ከወለሉ እስከ ስንዝር ከፍታ፣ ዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ተኮማትሯል። ክሩ እንደ ፀጉር ተቃጥሎ ተጠቅልሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው።

«እሱማ ከመሄዳችን በፊት ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «ከሰል ይዤ ስገባ ሁፍ አለና ወለሉ ላይ ነበልባል የሄደ መሰለኝ። ቀሚሴን ሳራግፍ ጠፋ። የከሰል ፍንጣሪ ነው ብዬ ተውኩት። መምህር አልጋው ላይ ስለነበረ ምንም አልነካው።»

አልጋውን አየሁት። ሆስፒታል የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ እግሩ ረጅም። ከመታመማቸው በፊት ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ነበር የሚተኙት፤ ለወገባቸው ይሻላቸዋል ብለው። ከስትሮኩ በኋላ ነው ከፍ ያለ አልጋ የተገዛላቸው። እኔ በየመንገዱ ስፈራው የነበረው ነገር ደርሶ አልፏል። እኔ ሳላውቅ፣ እነሱም ሳያውቁት።

ወጥቼ መምህር አለማየሁ ፊት ቁጢጥ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሲሊንደሩን፣ ጽሑፍ እንዳልነበረው፣ ልቤ እየቆረቆረኝ እንደሞላሁ፣ የጋሽ ዱካሞን እጅ። «መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

ንግግር ይከብዳቸዋል። በደህናው ወገን ከንፈራቸው ቀስ እያሉ አወጡት።

«ሌላ… ቤት… አለ?»

«የለም፣ መምህር። ይሄ የመጨረሻው ነው።»

«እንግዲያው… ቁጭ በዪ።»

ቁጭ አልኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ውሃ አመጡልኝ። ብርጭቆውን ባዶ አድርጌ መለስኩላቸው።

በማግስቱ ተመልሼ መገጣጠሚያውን ሠራሁ፣ በናይትሮጅን ፈተሽኩ፣ በፓምፕ አየርና እርጥበቱን ሳብኩ፣ ትክክለኛውን ጋዝ በሚዛን መዝኜ ሞላሁ። ያ ኤሲ እስካሁን አንድም ጊዜ ጋዝ አልተጨመረለትም።

ጋሽ ዱካሞ ከብዙ ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወጡ። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አይዘረጉም። እኔ ወደ አቶ ግርማ አልተመለስኩም። በጋሽ ዱካሞ ዕቃ ትንሽ ቤት ተከራይተን አብረን ጀመርን፤ እሳቸው የማሽኑን ድምፅ ይሰማሉ፣ እኔ እፈታለሁ። አቶ ግርማ ሲሊንደሩን የት እንዳደረሱት አልነገሩኝም። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ማዶ ይሻገራሉ።

ዛሬ በሚነድ ጋዝ እንዲሠሩ ተደርገው በፋብሪካ የሚመረቱ ኤሲዎች አሉ፤ ሽቧቸውም፣ የጋዙ መጠንም፣ ማስጠንቀቂያቸውም ለዚያ የተሰናዳ ነው። የኔ አምስቱ እንዲያ አልነበሩም።

ኤሲ ጋዝ አይጨርስም። ጋዝ ልሙላ የሚል ባለሙያ ከመጣ የሚያፈሰውን ቦታ መጀመሪያ ያሳያችሁ። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ስም ማሽኑ ላይ ከተለጠፈው ጋር አንድ ካልሆነ፣ ወይም ጭራሽ ጽሑፍ ከሌለው፣ አታስሞሉ። ባለሙያዎቹ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ አትሙሉ።